ያልረሳው ጥጥ

ይሄ ነገር በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ሲያወራ ሰምቼ አይደለም። ሕልምም አይደለም።

እዚህ ቻናል ላይ የሚወጡትን ታሪኮች ለረጅም ጊዜ ሳነብ ቆይቻለሁ። እውነቱን ልናገርና አብዛኛውን አላምንም ነበር። ተምሬያለሁ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት ካልተገኘ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለዚህኛው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

በሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ሁሉም የሆነው በቀን ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ... ፀሐይ በመስኮት ገብታ፣ ከታች መንገዱ በሰው ተሞልቶ...

ቤተሰቦቼ ፍራሽ ሰሪዎች ናቸው። አያቴ የከፈተው፣ አባቴ የወረሰው፣ አሁን ታላቅ ወንድሜ የያዘው አንድ በር ሱቅ አለን። ከሱቁ ጀርባ ትንሽ ግቢ፣ ከላይ ደግሞ በእንጨት ደረጃ የሚወጣ ሁለት ክፍል ቤት። ተወልጄ ያደግኩት እዚያ ላይ ነው። ከእንቅልፌ የምነሳው በጥጥ መንደፊያው ደጋን ድምፅ ነበር። ጅማቱ ድም... ድም... ሲል ወለሉ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል።

ልጅ ሳለሁ መንገዱ በሙሉ እንደኛ ነበር። ቁልፍ ሰሪው ከነሚስቱ፣ ሰዓት ጠጋኞቹ ሁለት ወንድማማቾች፣ ከፊት ለፊታችን ጃንጥላ የሚጠግኑት አባባ። ሱቁ የሚጠራው በሰውየው ስም ነው። ሰውየው ሲሞት ልጁ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ደንበኛው ሰው መቀየሩን የሚያውቀው ሳሉ የተለየ ሲሆንበት ነው።

በአሥራ አምስት ዓመቴ ለትምህርት ሩቅ አገር ተላክሁ።

የተመለስኩት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። በመሃል አንድ ከተማ አልበቃኝ ብሎ ስድስት ከተማ ቀያይሬያለሁ። ስመጣ አባቴ ሞቷል። ቁልፍ ሰሪው የለም። ሰዓት ጠጋኞቹ የሉም። በነሱ ቦታ ግንባሩ በሙሉ መስታወት የሆነ የስፖንጅ ፍራሽ መደብር ተከፍቷል። ከድሮዎቹ የቀሩት ወንድሜና ጃንጥላ ጠጋኙ አባባ ብቻ ነበሩ።

የመጣሁት እናቴ ስለታመመች ነው።

ሐኪሞቹ ብዙ አልደበቁኝም። ቢበዛ ሁለት ወር ነው አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገቧ አልነበርኩም። ስትሞት ግን አጠገቧ መሆን ፈለግኩ። እጇን ይዤ። እኔ መሆኔን አውቃ።

ይህችን ብቻ።

የደረስኩ ዕለት እናቴ ከአልጋዋ ሆና ወንድሜን «ፍራሿን አውርድላት» አለችው።

ልጅ ሆኜ የተኛሁበት ፍራሽ ከቁምሳጥኑ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ወንድሜ ሲያወርደው እየሳቀ ነገረኝ። ጥጥ በጠፋ ቁጥር ይህንን ልፍታው ብሎ እናታችንን ያልለመነበት ጊዜ የለም። እሷ ሁሌም መልሷ አንድ ነው፦ መጥታ ትተኛበታለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንዲፈታው፣ አንድ ሰው እንኳ እንዲቀመጥበት አልፈቀደችም።

በእጄ ተጫንኩት። ጥጡ ተጋግሮ እንደ ደረቅ መሬት ሆኗል።

ወገቤን ያመኛል አልኩ። በማግስቱ ከማዶው መደብር ስፖንጅ ፍራሽ ገዝቼ በተሸካሚ አስመጣሁ። ወንድሜ ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ ፍራሹ በገዛ ሱቁ መሃል ሲያልፍ አየው።

«ምሁሯ» አለኝ፣ «በመስኮት ብታስገቢው ይሻል ነበር። አባታችን ከፎቶው ላይ እያየሽ ነው።»

ሳቅን። እናቴ ግን አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሦስተኛው ሳምንት ጀርባዋ ቆሰለ።

ቤት ድረስ እየመጣች የምታያት ነርስ መኝታው ካልተቀየረ ቁስሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃል አለች። የእናቴ ፍራሽ በእርጥበት ተበላሽቷል፤ ጥጡም አይድንም። ስፖንጁን ሞከርንላት። ሰውነቷን አቃጠላት፤ በላብ ተጠምቃ ቁስሏ ባሰባት። ጥጥ አምጡልኝ አለች። በሱቁ ውስጥ ግን አንድ ጆንያ ጥጥ አልነበረም፤ ማንም ስለማያዝ ወንድሜ መግዛት ትቶ ነበር። ጥጥ የሚሸጥበት ቦታ ደርሶ መልስ አራት ቀን ነው።

ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ «እስክመጣ ምንም እንዳትነኪ» አለኝ።

ሁለት ቀን ታገስኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ስታቃስት ሰማኋት። እኔ እንዳልሰማ ብላ ነው የምትነክሰው።

አልቻልኩም።

የፍራሽ ሰሪ ልጅ አይደለሁም እንዴ አልኩ። የራሴን ፍራሽ ተሸክሜ ወደ ጓሮ ወረድኩ።

እዚህ ላይ አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው።

ሰው ለዓመታት የተኛበት ጥጥ የሰውየውን ቅርጽ ይይዛል። ፍራሹን ስትፈቱት ትከሻው የት እንደነበር፣ ዳሌው የት እንደነበር በእጅ ይታወቃል። ጥጡ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በሁለት ዱላ ይመታል። ከዚያ ባዘቶ እስኪሆን በደጋን ይነደፋል። አባቴ ይህን ሥራ «ማስረሳት» ነበር የሚለው። ጥጡ ማን እንደተኛበት እስኪረሳ ድረስ ይመታል።

መርሳቱ የሚታወቀው አንድ እፍኝ ወደ ላይ ተወርውሮ ነው። ተበታትኖ ከወረደ ረስቷል፤ ይሰፋል። ተያይዞ ከወረደ እንደገና ይመታል። አንዳንዱ ጥጥ ሦስት ቀን ይፈጃል። አባቴ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ቢጨቀጭቀውም ያልረሳ ጥጥ ሰፍቶ አያውቅም።

እኔ የነበረኝ ግማሽ ቀን ነው።

ክንዴ እስኪዝል መታሁት። እጄ ውኃ ቋጠረ። አንድ እፍኝ ወረወርኩ።

ተያይዞ ወረደ።

እንደገና መታሁ፣ ነደፍኩ፣ ወረወርኩ።

ተያይዞ ወረደ።

በሦስተኛው ስወረውረው መዳፌ ላይ ተመልሶ አረፈ... ልክ እንዳልተወረወረ። ጥጡ ሞቅ ብሏል። የፀሐይ ሙቀት ነው አልኩ።

ከላይ እናቴ አቃሰተች።

«ጥጥ ምን ያስታውሳል» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለራሴ። ሞልቼ ሰፋሁት።

ነርሷና እኔ ተጋግዘን እናቴን አሳረፍናት። ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀች። ጀርባዋ ሲላላ፣ ግንባሯ ሲፈታ አየሁ። ከዚያ ተኛች። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳትነቃ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በደስታ አለቀስኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቴ የሚጠቅም ነገር በእጄ ሠርቼ ነበር።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኒቷን ይዤ ገባሁ።

እናቴ ግድግዳው ጥግ ድረስ ተጠግታለች። አንድ ጣት ያህል ቦታ ነው ለራሷ ያስቀረችው።

«እማዬ፣ ምነው ጠርዝ ላይ?»

«ቦታ ልልቀቅላት ብዬ።»

መድኃኒቱ ነው አልኩ። ያፈዛል ብለውኛል። አጎንብሼ አጠገቧ ያለውን አንሶላ ሳስተካክል እጄ ሰመጠ።

ጎድጎድ ያለ ቦታ ነበር። ትንሽ። በጎኗ ተኝታ ጉልበቷን ወደ ሆዷ የሰበሰበች ልጅ የምታህል።

አሰፋፌ መጥፎ ነው አልኩ። በመዳፌ መታ መታ አድርጌ ደለደልኩት።

በማግስቱ ተመልሷል።

ጉልበቷን ትንሽ ዘርግታ ነበር።

የዚያን ዕለት ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። ጃንጥላ ጠጋኙ አባባ ከበራቸው ላይ የጃንጥላ ሽቦ እያቃኑ ነበር። ቀና ሳይሉ አናገሩኝ።

«እግርሽ ፈጣን ነው ልጄ። አሁን እኮ መስኮቱ ላይ ነበርሽ።»

«እኔ? መቼ አባባ?»

«አሁን። እናትሽ ፀጉርሽን ስታበጥርልሽ።»

እናቴ ራሷን ችላ ቁጭ ማለት ካቆመች ወር አልፏታል።

ይህንን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀና አሉ። ፊቴን ሳይሆን አናቴን አዩኝ። ፀጉሬን እንደ ወንድ ከተቆረጥኩ ዓመታት አልፈውኛል። ከዚያ ሽቦአቸውን ሰብስበው፣ በርጩማቸውን አንስተው ወደ ውስጥ ገቡ። በሩን ዘጉት። ገና በጠራራ ፀሐይ።

ወንድሜ የመጣው በአምስተኛው ቀን ነው። ጆንያ ጥጥ በትከሻው እንደተሸከመ፣ እናታችንን ሰላም ሊላት እየሳቀ ወደ ላይ ወጣ። ሲወርድ አይስቅም።

«የየትኛው ፍራሽ ጥጥ ነው?»

«የኔ።»

«ወረወርሽው?»

«አዎ።»

«እና?»

«...ተያይዞ ወረደ።»

ጆንያውን አላወረደም። እንደተሸከመው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

የሚያስፈራህ ምን እንደሆነ በቃል ንገረኝ አልኩት። ተቆጣሁ መሰለኝ። እሱ አልተቆጣም። አባታችን ምክንያቱን ነግሮት እንደማያውቅ፣ እሱም ጠይቆ እንደማያውቅ ነገረኝ። «ጠያቂዋ አንቺ ነበርሽ» አለኝ። «አንቺ ደግሞ ሄድሽ።»

ባመጣው ጥጥ አዲስ ፍራሽ ሰፋ። በማግስቱ እናታችንን ወደሱ አሻገርናት። ላባ ታህል ነበር። ስናነሳት አንድ እጇ ወደ ኋላ ቀረ... አንድ ሰው እንደያዘው። አዲሱ ላይ ስናስተኛት ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ልጄን የት ወሰዳችኋት እያለች ወንድሜን ጠየቀችው። እኔ አጠገቡ ቆሜአለሁ።

ወንድሜ አሮጌውን ተሸክሞ ወደ ጓሮ ወረደ። አሁን አስረሳዋለሁ አለ፤ ሳምንትም ቢፈጅ።

እኔ ከእናቴ ጋር ቀረሁ። የመጀመሪያው ዱላ ሲያርፍ ሰማሁ።

«አትምቷት» አለች እናቴ በሹክሹክታ።

ሁለተኛው አረፈ።

«ኧረ አትምቷት...»

ሦስተኛውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ብዙ ጠበቅኩ። ወርጄ ሳይ ወንድሜ ጥጡ ፊት መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ዱላዎቹን ከኋላው አርቆ አስቀምጧቸዋል። ሰው መትቶ እንደተጸጸተ ሰው ነበር አቀማመጡ።

«ምነው ጋሼ?»

«አልችልም።»

«ለምን?»

ወደ ጥጡ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለመነችኝ።»

ማን እንደለመነችው አልጠየቅኩም። ጠያቂ ነሽ የተባልኩት እኔ አልጠየቅኩም።

ራሱ መልሶ ሰፋው። እንደኔ በጥድፊያ አይደለም። ለሙሽራ እንደሚሰፋ፣ ጠርዙን በእጥፍ ክር፣ ቀስ ብሎ። እናታችንን መለስናት። ወዲያው ግድግዳው ጥግ ተጠጋችና ፈገግ አለች።

ከዚያ በኋላ እናቴ እኔን መርሳት ጀመረች።

ሾርባ ይዤ ስገባ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ነርሷ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ትሕትናዋ ነው የገደለኝ። ለእንግዳ የምታሳየው ትሕትና ነበር።

ቁጭ ብዬ ማንነቴን አስረዳኋት። ከደረጃው ወድቄ ጥርሴ የተሰበረበትን ቀን ነገርኳት። ባዘቶ ውስጥ ተደብቄ እንቅልፍ የወሰደኝን፣ እሷና አባቴ መንገዱን ሁሉ እየዞሩ ሲፈልጉኝ የዋሉበትን ነገርኳት። ጣቢያ ድረስ ስትሸኘኝ የለበሰችውን ነገርኳት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ጣቢያው ላይ ስደርስ ግን መነቅነቋን አቆመች።

«የፊተኛውን እሷ ነግራሽ ነው» አለች። «የመጨረሻውን አላውቀውም።»

«እኔ እኮ ነኝ እማዬ። ለትምህርት ሄጄ ነበር። መጣሁ።»

በሐዘኔታ አየችኝ። የማታውቀው ሰው ሞቶብኝ የምታጽናናኝ ነው የሚመስለው።

«የኔ ልጅ ከቤት ወጥታ አታውቅም» አለች።

ከዚያ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ አንሶላውን ደባበሰች። ጎድጓዳው አሁን ረጅም ነው። በየቀኑ ሲያድግ አይቼዋለሁ፤ በሳምንት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አደገ። ትከሻው የኔ ትከሻ ነበር። ወገቡ የኔ ወገብ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ያኛው ጀርባ አልጎበጠም። እንቅልፍ የጠገበ ሰው ጀርባ ነው።

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። በሽታው ወደ አእምሮ ሲደርስ ሰው መርሳት ያለ ነው አለኝ። አመንኩት። ማመን ስለሚቀልለኝ አመንኩት። ግን ስልኩን ዘግቼ ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር።

በሽታ ጥጥ አይጫንም።

የሞተችበት ቀን ብሩህ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገና አልሞላም። ትንፋሿ መቆራረጥ ሲጀምር ወንድሜን ጠርቼ እኔ አልጋው ላይ ወጣሁ። በእሷና በግድግዳው መካከል እንደምንም ተሽጉጬ ተጋደምኩ። ጀርባዋን ነበር የሰጠችኝ። ወደዚያኛው ዞራለች።

እጇን ልይዝ በላይዋ ዘረጋሁ።

ጣቶቿ ተለያይተው ተዘርግተዋል። በእያንዳንዱ ጣት መካከል ክፍተት አለ... የሌላ ሰው ጣቶች እንደገቡበት። አንዱን ጣቴን በክፍተቱ ላስገባ ሞከርኩ። አልገባም። ባዶ አየር ነበር፣ ግን ቦታ አልነበረውም።

እናቴ ጭንቅላቷን በትንሹ ወደኔ አዞረች። ልትጠራኝ ነው አልኩ። አወቀችኝ አልኩ። ጆሮዬን ወደ ከንፈሯ አስጠጋሁ።

«ቀስ በይ...» አለች። «ትቀሰቅሻታለሽ።»

ከዚህ በኋላ አልተነፈሰችም።

ከቀብሩ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ወንድሜ ሐዘን እንዳልደረሰበት ሰው ሆኖ ነው የከረመው። ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ከዚያ በፊት በየቀኑ «መቼ ነው የምትሄጂው ምሁሯ?» እያለ የሚነተርከኝ ሰው አንድም ቀን አልጠየቀኝም። የእናታችንን አልጋ እንፍታው ስለው አንሶላዎቹ ይታጠቡ እንጂ ሌላው አይነካም አለ። የክፍሉን በር ሲዘጋ እጀታውን በቀስታ ይዞ፣ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ ነበር የሚዘጋው።

እሄዳለሁ አልኩት። ጥሩ ነው አለኝ።

«አንተ ግን ብቻህን እንዴት ትሆናለህ?»

መርፌውን ጥጡ ላይ እንደሰካ ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄው እንዳልገባው ሰው።

«ብቻዬን?» አለ። ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

መኪናው የመጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሻንጣዬን ራሴ ጫንኩ። የጃንጥላ ጠጋኙ አባባ በር ከዚያ ቀን ወዲህ አልተከፈተም። መኪናው ሲንቀሳቀስ እንዳላይ ለራሴ ምዬ ነበር፤ ግን በኋላው መስታወት ዞሬ አየሁ።

ወንድሜ ሱቁ በር ላይ ወጥቷል። የታጠበውን ትልቁን አንሶላ እያጠፈ ነበር። ያ አንሶላ ለአንድ ሰው አይታጠፍም፤ ሁለት ሰው ማዶና ማዶ ሆኖ ነው የሚይዘው። ወንድሜ ሁለቱን ጫፍ ይዞ፣ አንድ ነገር እያወራ ይስቃል። ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሌሎቹ ሁለት ጫፎች ከማዶ አየር ላይ ተወጥረው ቆመዋል። ገመድ የለም። ሚስማር የለም። በኔ ትከሻ ቁመት ልክ።

ወንድሜ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

አንሶላውም ወደ እሱ አንድ እርምጃ መጣ።